ከባሕር ዳርቻ ሳይርቁ ተራራ መውጣት፦ የኦሪገን ጠረፍ የብስክሌት ጉዞ ምን ይጠይቃል?

በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ የምትገኘው የኦሪገን ግዛት ምዕራባዊ ወሰኗ የፓሲፊክ ውቅያኖስ ነው። በዚህ ጠረፍ ላይ ከአስቶሪያ ከተማ ተነስቶ በካሊፎርኒያ ድንበር አቅራቢያ እስከምትገኘው ብሩኪንግስ የሚዘልቅ የብስክሌት መንገድ አለ። ርዝመቱ 595 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

መንገዱ በካርታ ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ከውቅያኖሱ ብዙም አይርቅም፤ ከፍተኛው ስፍራም ቢሆን ከባሕር ጠለል በላይ ከጥቂት መቶ ሜትሮች አያልፍም። ባሕር ዳርቻን ይዞ የሚጓዝ ሰው ሜዳ ላይ እንደሚሄድ ማሰቡ አይገርምም።

እውነታው ግን ሌላ ነው። የግዛቲቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለብስክሌተኞች ባዘጋጀው መመሪያ መሠረት፣ በመንገዱ ላይ ያሉት ዳገቶች ሁሉ ቢደመሩ ወደ 4 ሺህ 900 ሜትር ይጠጋሉ። የኢትዮጵያ ከፍተኛው ተራራ ራስ ዳሽን ከባሕር ጠለል በላይ 4 ሺህ 550 ሜትር ገደማ ነው። መንገዱን የሚጨርስ ብስክሌተኛ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ከመውጣት የሚበልጥ አቀበት ይወጣል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ግን አንድም ጊዜ ተራራ ላይ አይደርስም።

ጠረፉን በብስክሌት የሚያቋርጡ ሰዎች በአብዛኛው በቀን ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ ከ6 እስከ 8 ቀናት ይወስድባቸዋል። አብዛኞቹ የውድድር ብስክሌተኞች አይደሉም። ድንኳናቸውን፣ ልብሳቸውንና ምግባቸውን በብስክሌታቸው ጭነው የሚጓዙ ተራ ሰዎች ናቸው። ለመሆኑ እንዲህ ያለውን መንገድ የሚያስጨርሰው ምንድን ነው?

መንገዱ ለምን ይወጣል፣ ይወርዳል?

መልሱ የሚጀምረው ከድንጋዩ ነው። ከ15 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት፣ በአሁኑ ምሥራቃዊ ኦሪገንና ዋሽንግተን ከመሬት ስንጥቆች የፈሰሰ እጅግ ብዙ የቀለጠ ዓለት በኮሎምቢያ ወንዝ ሸለቆ አቅጣጫ እየወረደ እስከ ውቅያኖሱ ደርሷል። ይህ የቀለጠ ዓለት ሲቀዘቅዝ ባዛልት የሚባለው ጥቁርና ጠንካራ ድንጋይ ሆነ። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎችም የተገነቡት ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በተመሳሳይ ሁኔታ በፈሰሰ ባዛልት ነው።

በሰሜናዊው የኦሪገን ጠረፍ ማዕበሉ ለስላሳውን የአሸዋና የጭቃ ድንጋይ በቀላሉ ሲበላው፣ ባዛልቱ ግን ተቋቁሞ ቀረ። በዚህም ምክንያት ጠረፉ የሁለት ዓይነት ቅርጾች ቅይጥ ሆኗል። ጠንካራው ድንጋይ ወደ ባሕሩ እየገባ ገደላማ አፍንጫ ይሠራል፤ ለስላሳው ደግሞ ወደ ውስጥ እየተበላ ሰላጤና አሸዋማ ዳርቻ ይሆናል። በደቡብ በኩል ያለው የጠረፉ ክፍል ከዚህ በዕድሜ የሚበልጡ የተለያዩ ድንጋዮች ያሉበት ቢሆንም፣ ተራሮቹ እዚያም እስከ ውኃው ጠርዝ ይመጣሉ።

በእነዚህ አፍንጫዎች መካከል ደግሞ ከጠረፉ ተራሮች የሚወርዱ በርካታ ወንዞችና ጅረቶች ወደ ባሕሩ ይገባሉ። መንገዱ እያንዳንዱን አፍንጫ ይወጣል፤ ወደ እያንዳንዱ ወንዝ አፍ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና ይወጣል። ብስክሌተኛው በጠዋት የወጣውን ከፍታ ከቀትር በፊት መልሶ ያጣዋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያንኑ ከፍታ ከባሕር ጠለል ጀምሮ እንደ አዲስ ይወጣዋል።

አንድ ረጅም ዳገትና ብዙ አጫጭር ዳገቶች

በአፍሪካ ቀንድ የሚታወቁት ታላላቅ አቀበቶች ጠባያቸው ከዚህ ይለያል። ከምፅዋ ወደ አሥመራ የሚወስደው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ይወጣል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃም ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል የሚያስወጣ ነው። በአውሮፓውያኑ 2003 የተጀመረውና ከካይሮ ኬፕታውን የሚደርሰው የብስክሌት ጉዞ ኢትዮጵያን ሲያቋርጥ ተሳታፊዎችን በእጅጉ ከሚፈትኑ ስፍራዎች አንዱ ይኸው ሸለቆ ነው።

እንዲህ ያለው አቀበት ከባድ ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያና መጨረሻው ይታወቃል። ተጓዡ አእምሮውንም ጉልበቱንም ለአንድ ትልቅ ሥራ ያዘጋጃል። ጫፍ ላይ ሲደርስም ያገኘው ከፍታ አብሮት ይቆያል። የጠረፍ ዳገት ግን እያንዳንዱ ሲታይ የሚያስፈራ አይደለም። አንዱ 60 ሜትር፣ ሌላው 100 ሜትር ሊሆን ይችላል። የሚያደክመው ብዛታቸው ነው።

አዲስ ተጓዦች በብዛት የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ዳገቱ አጭር መሆኑን ሲያዩ በጉልበት ተነስተው በፍጥነት ይወጡታል። ሁለተኛውንም እንዲሁ ያደርጋሉ። ከሰዓት በኋላ ስምንተኛው ወይም አሥረኛው ዳገት ላይ ሲደርሱ ግን እግራቸው አይታዘዝም። በማግስቱ ደግሞ ሌላ 85 ኪሎ ሜትር ይጠብቃቸዋል።

ቁልቁለት ለምን አይክስም?

የወጣ ሁሉ ስለሚወርድ በዳገት የጠፋው ጊዜ በቁልቁለት ይካሳል የሚል አስተሳሰብ አለ። ቀላል ስሌት ይህ ትክክል እንዳልሆነ ያሳያል።

ዳገቶቹ በአማካይ 5 በመቶ ያጋደሉ ናቸው ተብሎ ይታሰብ። ይህም በየ100 ሜትሩ ርቀት 5 ሜትር ከፍታ ማለት ነው። በዚህ ስሌት 4 ሺህ 900 ሜትር ለመውጣት 98 ኪሎ ሜትር አቀበት ያስፈልጋል። ጭነት የያዘ ብስክሌተኛ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ቢወጣ 14 ሰዓት ይፈጅበታል። ያንኑ ርቀት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስድበታል። በድምሩ 196 ኪሎ ሜትር በ16 ሰዓት ተኩል ሄደ ማለት ነው። ይህ ርቀት ሜዳ ቢሆንና በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ኖሮ ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰው ነበር።

የጉልበቱም ነገር ተመሳሳይ ነው። ዳገት ሲወጣ የተከማቸው ኃይል ሲወርድ ፍጥነት ይሆናል፤ አብዛኛውን ግን አየር ይበላዋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየር ግፊት መቋቋሙ አራት እጥፍ ይሆናል። ከዚህ የተረፈውን ደግሞ ፍሬን ያጠፋዋል። በዚህ ጠረፍ ብዙ ቁልቁለቶች የሚያበቁት በኩርባ፣ በጠባብ ድልድይ ወይም በትንሽ ከተማ መግቢያ ላይ ስለሆነ፣ ብስክሌተኛው የወረደበትን ፍጥነት ይዞ ቀጣዩን ዳገት መጀመር አይችልም።

የሰውነት ወጪውንም ማስላት ይቻላል። ብስክሌተኛው፣ ብስክሌቱና ጭነቱ በድምሩ 100 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ ይህን ክብደት 4 ሺህ 900 ሜትር ከፍ ለማድረግ ወደ 1 ሺህ 150 ኪሎ ካሎሪ የሚሆን ኃይል ያስፈልጋል። የሰው ጡንቻ ግን ከሚያቃጥለው ምግብ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ብቻ ነው፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ለዳገቱ ብቻ 4 ሺህ 600 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይቃጠላል። ይህ አንድ አዋቂ ሰው በሁለት ቀናት ውስጥ ከሚመገበው ጋር ይቀራረባል። በሜዳው ላይ ለሚደረገው ጉዞና ሰውነት ለራሱ የሚያስፈልገው ከዚህ ተጨማሪ ነው።

ትንሹ ማርሽ

እ.አ.አ ሐምሌ 1/2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በቱሪን ከተማ የቱር ደ ፍራንስን አንድ ምዕራፍ ሲያሸንፍ፣ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆኗል። በዚያው ውድድር ሁለት ተጨማሪ ምዕራፎችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወስዷል። የአፍሪካ ቀንድ ሰዎች ብስክሌትን በአብዛኛው የሚያስቡት በዚህ ዓይነት ፍጥነት ነው።

የረጅም ርቀት ተጓዥ ብስክሌት ግን ሌላ ዓለም ነው። በዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ደንብ የውድድር ብስክሌት ዝቅተኛ ክብደት 6 ነጥብ 8 ኪሎ ግራም ነው። ተወዳዳሪው ብዙ አይሸከምም፤ ተጨማሪ ውኃውም ምግቡም መለዋወጫውም የሚከተለው መኪና ላይ ነው። የተጓዥ ብስክሌት ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ እጥፍ ይመዝናል፤ ጭነቱ ሲጨመር ደግሞ ሦስትና አራት እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ይህንን ክብደት ዳገት ላይ ማውጣት የሚቻለው በጡንቻ ብዛት ሳይሆን በማርሽ ምርጫ ነው። በ6 በመቶ ዳገት ላይ 100 ኪሎ ግራም ይዞ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 100 ዋት ገደማ ኃይል ይበቃል። ይህን ያህል ኃይል መጠነኛ ልምምድ ያለው ጤነኛ ሰው ለሰዓታት ሊያወጣ ይችላል። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ልውጣ ካለ ግን 200 ዋት ይጠየቃል። ይህን ብዙ ሰው ለጥቂት ደቂቃዎች እንጂ ቀኑን ሙሉ አይችለውም።

ችግሩ ዝግ ብሎ ለመሄድ የሚያስችል ማርሽ የሌለው ብስክሌት ነው። የፊተኛው ጥርሳም ክብ 24 ጥርስ፣ የኋለኛው 34 ጥርስ ሲኖረው፣ አንድ ሙሉ የፔዳል ዙር ብስክሌቱን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ወደፊት ያስኬደዋል። በደቂቃ 65 ጊዜ ፔዳል ሲመታ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሌላ አባባል እግር ሳይጨናነቅ ይሽከረከራል፤ ብስክሌቱ ግን ከእግረኛ ጥቂት ብቻ ይፈጥናል። በትልቅ ማርሽ ለመውጣት የሚታገል ሰው ግን በየዙሩ ጉልበቱን ይጫናል። ብዙ የረጅም ርቀት ጉዞዎች ሳያልቁ የሚቋረጡት በጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጭነት ነው። አላስፈላጊ 10 ኪሎ ግራም ዕቃ የጫነ ሰው፣ 10 ኪሎ ጤፍ ተሸክሞ ከባሕር ጠለል ራስ ዳሽን ላይ እንደወጣ ይቆጠራል። ልምድ ያላቸው ተጓዦች ከመነሳታቸው በፊት ዕቃቸውን መሬት ላይ ዘርግተው እያንዳንዱን የሚመረምሩት ለዚህ ነው። ለዝናብና ለብርድ የሚሆን ልብስ፣ የመኝታ ዕቃ፣ ጎማ መንፊያና መለጠፊያ፣ ትርፍ ካላማዳሪ፣ መብራትና ውኃ የግድ ናቸው። ሁለተኛ ጫማ፣ ወፍራም ጂንስ ሱሪና የሳምንት ቀለብ ግን መቅረት ይችላሉ፤ በጠረፉ ላይ ያሉት ትናንሽ ከተሞች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ የምግብ መደብር አላቸው።

ነፋሱ ከየት ይነፍሳል?

በዚህ ጠረፍ ከሰሜን ወደ ደቡብ መጓዝ የተለመደ ነው። ምክንያቱ ነፋሱ ነው። በበጋ ወራት በሰሜን ፓሲፊክ ላይ ከፍተኛ የአየር ግፊት ይሰፍናል፤ ከጠረፉ ኋላ ያለው የብስ ደግሞ ይሞቃል። በዚህ ልዩነት ምክንያት ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል፤ ከሰዓት በኋላም ይበረታል። ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ነፋሱ ከጀርባው ይገፋዋል። ወደ ሰሜን የሚሄድ ግን ሜዳውም ዳገት ይሆንበታል።

ከደቡብ ምዕራብ የሚመጡት ብርቱ ማዕበሎችና ዝናብ የሚያይሉት በክረምት ነው። በዚህም የተነሳ አብዛኞቹ ተጓዦች ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይሄዳሉ። በእነዚህ ወራትም ቢሆን ጠረፉ ቀዝቃዛ ነው፤ ጭጋግ የተለመደ ሲሆን ድንገተኛ ካፊያም አይጠፋም። የእንግሊዙ መርከበኛ ጄምስ ኩክ እ.አ.አ በ1778 ከዚህ ጠረፍ ሲደርስ መጀመሪያ ያየውን ገደላማ አፍንጫ 'መጥፎ አየር' የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥቶታል። ኬፕ ፎልዌዘር እስከዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል፤ ብስክሌተኞችም ይወጡታል።

ወደ ደቡብ መጓዝ ሌላም ጥቅም አለው። በአሜሪካ ተሽከርካሪ የሚሄደው በመንገዱ ቀኝ በኩል ስለሆነ፣ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ብስክሌተኛ ሁልጊዜ በባሕሩ በኩል ይሆናል። የእይታ ማረፊያዎቹም በዚያው በኩል ስለሚገኙ መንገድ ማቋረጥ አያስፈልገውም።

የሕይወት ጉዳይ፦ ጠባቡ መንገድ

በዚህ ጉዞ ትልቁ አደጋ ዳገቱ አይደለም፤ መኪናው ነው። የብስክሌት መንገድ ተብሎ ቢጠራም፣ አብዛኛው ክፍሉ 101 የተባለው አውራ ጎዳና ራሱ ነው። ብስክሌተኛው የሚሄደው በአስፋልቱ ነጭ መስመር ውጪ ባለው የመንገድ ትከሻ ላይ ነው። ትከሻው አንዳንድ ቦታ ሰፊ ነው፤ በገደል አካባቢ ግን ይጠብባል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። በበጋ ደግሞ እንጨት የጫኑ ከባድ መኪኖችና የመኖሪያ ቤት ያህል የሚሰፉ የመዝናኛ ተሽከርካሪዎች በዚሁ መንገድ ይመላለሳሉ።

ድልድዮቹም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ኮንደ ማክሉ የተባለው መሐንዲስ የነደፋቸው አምስት ታላላቅ የጠረፍ ድልድዮች እ.አ.አ በ1936 ሲከፈቱ በጀልባ ይደረግ የነበረውን መሻገሪያ ተኩ። ከእነርሱ አንዱ፣ በዋልድፖርት የነበረው፣ በኋላ በአዲስ ተተክቷል። ሌሎቹ ዛሬም በውበታቸው ይደነቃሉ። ሲሠሩ ግን የዘመኑን ትናንሽ መኪኖች ታሳቢ ያደረጉ በመሆናቸው ጠባብ ናቸው። በኩስ ቤይ ላይ ያለው 1 ነጥብ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከባሕሩ የሚነሳው የጎን ነፋስ ሲጨመርበት፣ ብዙ ተጓዦች ወርደው ብስክሌታቸውን በእግረኛ መንገዱ ላይ ይገፋሉ።

መንገዱ በአርች ኬፕ እና በሄሴታ ሄድ አቅራቢያ በዋሻ ውስጥ ያልፋል። በዋሻዎቹ መግቢያ ላይ ለብስክሌተኞች የተዘጋጀ ቁልፍ አለ። ብስክሌተኛው ቁልፉን ሲጫን መብራት ብልጭ ድርግም እያለ፣ በዋሻው ውስጥ ብስክሌት እንዳለ ከኋላ ለሚመጡ አሽከርካሪዎች ያሳውቃል። ቁልፉ ርካሽና ቀላል መፍትሔ ነው፤ ይሁን እንጂ አሽከርካሪው መብራቱን አይቶ ፍጥነቱን ካልቀነሰ ዋጋ የለውም። በዚህም ምክንያት ተጓዦች ደማቅ ልብስ እንዲለብሱ፣ በቀንም ቢሆን የኋላ መብራት እንዲያበሩና የመኪና ብዛት ሳይበረታ በማለዳ እንዲነሱ ይመከራሉ።

በአንዳንድ ቦታዎች ከአውራ ጎዳናው መውጣት ይቻላል። ኬፕ ሜርስን፣ ኬፕ ሉክአውትን እና ኬፕ ኪዋንዳን የሚያገናኘው መንገድ ከዋናው ይልቅ ፀጥ ያለ ነው፤ ዳገቱ ግን ይብሳል። ብዙ ተጓዦች ከመኪና ይልቅ ዳገቱን ይመርጣሉ።

ሕግ የሠራው መንገድ

ተራ ሰዎች በዚህ ጠረፍ በብስክሌት መጓዝ የቻሉት ተፈጥሮ ስለፈቀደችላቸው ብቻ አይደለም። ከኋላው ሦስት የሕዝብ ውሳኔዎች አሉ።

የመጀመሪያው እ.አ.አ በ1913 የተላለፈው ነው። የወቅቱ አገረ ገዥ ኦስዋልድ ዌስት የባሕር ዳርቻው እርጥብ አሸዋ የሕዝብ አውራ ጎዳና ተብሎ እንዲታወጅ አደረጉ። በዚያ ዘመን በብዙ ቦታ መንገድ ስላልነበረ፣ ሰዎች በእርግጥም በአሸዋው ላይ ይጓዙ ነበር። ሁለተኛው በ1967 የወጣው ሕግ ሲሆን፣ ሕዝቡ ከእርጥቡ አሸዋ በላይ ያለውን ደረቅ አሸዋ ጭምር እስከ ዕፅዋቱ መስመር ድረስ የመጠቀም መብቱን አጽንቷል። በዚህም የኦሪገን ዳርቻ በግል አጥር ተከፋፍሎ አልቀረም።

ሦስተኛው ብስክሌተኞችን በቀጥታ የሚመለከት ነው። እ.አ.አ በ1971 አገረ ገዥ ቶም ማኮል የፈረሙት ሕግ፣ ከግዛቲቱ የአውራ ጎዳና ገንዘብ ቢያንስ 1 በመቶው ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች መንገድ እንዲውል ያዛል። መንገድ ሲሠራ ወይም እንደገና ሲገነባም ስለ እነርሱ ማሰብ ግዴታ ሆነ። አንድ በመቶ ትንሽ ቁጥር ነው፤ ነገር ግን በየዓመቱ ሳይቋረጥ ሲመደብ ትከሻን ያሰፋል፣ ምልክት ያቆማል፣ በዋሻ መግቢያ ላይ ቁልፍ ይተክላል።

ለመኝታም ተመሳሳይ አሠራር አለ። ፎርት ስቲቨንስ፣ ኬፕ ሉክአውት፣ ሀምበግ ማውንቴን እና ሃሪስ ቢችን በመሳሰሉ የግዛቲቱ ፓርኮች በእግርና በብስክሌት ለሚመጡ ሰዎች ብቻ የተከለለ የድንኳን ቦታ አለ። በመኪና የሚመጡ ጎብኚዎች በበጋ ከወራት በፊት ቦታ ማስያዝ ሲኖርባቸው፣ ብስክሌተኛው ያለ ቀጠሮ ደርሶ በአነስተኛ ክፍያ ያድራል፤ ሙቅ ሻወርም ያገኛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ነፋስ የያዘው ወይም ጎማው የተነፈሰበት ሰው የት እንደሚያድር አስቀድሞ ማወቅ አይችልም፤ ቦታ የለም ተብሎም ሌላ 30 ኪሎ ሜትር በጨለማ መሄድ የለበትም። በእነዚህ ቦታዎች ከሰው ይልቅ የሚያስቸግሩት ራኩን የሚባሉት ትናንሽ እንስሳት ናቸው። ሌሊት ቦርሳ ከፍተው ምግብ ይሰርቃሉ።

የሚንሸራተተው ጠረፍ

ጠረፉን ውብ ያደረገው ሂደት መንገዱንም ይበላዋል። ማዕበሉ ከታች ሲቦረቡር፣ የክረምቱ ዝናብ ደግሞ ከላይ አፈሩን ሲያረካው መሬቱ ወደ ባሕሩ ይንሸራተታል። እ.አ.አ በየካቲት 2019 በጎልድ ቢች እና በብሩኪንግስ መካከል የሚገኘው ሁስካናደን የተባለ ስፍራ ተንሸራቶ 101 አውራ ጎዳናን ሰባብሮ ለቀናት ዘግቶታል። በኬፕ ሜርስ በኩል የሚያልፈው መንገድም በ2013 ተንሸራቶ ከተዘጋ በኋላ፣ በአዲስ አቅጣጫ ተሠርቶ እስኪከፈት 10 ዓመት ገደማ ወስዷል። በዚህ ጠረፍ ሌላ ትይዩ መንገድ የሌለባቸው ቦታዎች ስላሉ፣ ተጓዦች ከመነሳታቸው በፊት የመንገዱን ሁኔታ ማጣራታቸው የግድ ነው።

ከዚህ የሚልቅ አደጋም አለ። ከጠረፉ ፊት ለፊት በባሕሩ ወለል ሥር፣ አንዱ የመሬት ቅርፊት ከሌላው በታች የሚሰምጥበት የካስኬዲያ ቀጠና ይገኛል። ይህ ቀጠና እ.አ.አ ጥር 26/1700 መጠኑ 9 ገደማ እንደነበር የሚገመት የመሬት መንቀጥቀጥ አስነስቷል። ዕለቱ ሊታወቅ የቻለው፣ መንቀጥቀጡ ያስነሳው ሱናሚ ውቅያኖሱን ተሻግሮ ጃፓን ሲደርስ በጽሑፍ ተመዝግቦ ስለተገኘ ነው። ዛሬ በመንገዱ ላይ የሱናሚ አደጋ ቀጠና የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ የሚያሳዩ ምልክቶች በየስፍራው ተተክለዋል። ምክሩ አጭር ነው፦ ረጅምና ብርቱ መንቀጥቀጥ የተሰማው ሰው ማስጠንቀቂያ ሳይጠብቅ ወደ ከፍታ ይሂድ። ብስክሌተኛው ሳምንት ሙሉ ሲያማርረው የነበረው ዳገት በዚያን ሰዓት መሸሸጊያው ነው።

ቀኑን በኪሎ ሜትር አለመለካት

ይህንን መንገድ የጨረሱ ሰዎች የሚጋሩት ልማድ ቢኖር የቀኑን ጉዞ በኪሎ ሜትር ብቻ አለመለካታቸው ነው። ከሌሊቱ ማረፊያ በፊት ስንት ሜትር አቀበት እንዳለ አስቀድመው ያያሉ። በመካከለኛው ጠረፍ ከፍሎረንስ እስከ ኩስ ቤይ ባለው 60 ኪሎ ሜትር ያህል የአሸዋ ክምር አካባቢ፣ መንገዱ ከሌላው ስለሚቀል ርቀት ይጨምራሉ። ኬፕ ሉክአውትን በሚወጡበት ቀን ደግሞ ይቀንሳሉ።

ከመነሳታቸው በፊትም ይለማመዳሉ። በሲያትልና በፖርትላንድ የሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይህ ጠረፍ ቅርባቸው ነው፤ ከፖርትላንድ አስቶሪያ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ቅርበት ዝግጅትን አይተካም። ባለሙያዎች የሚመክሩት፣ ከጉዞው አስቀድሞ ባሉት ሳምንታት ሙሉ ጭነቱን ይዞ ዳገት ያለበት መንገድ ላይ ሁለት ተከታታይ ቀናት መጓዝን ነው። የመጀመሪያው ቀን ማርሹንና ጭነቱን ይፈትሻል። ሁለተኛው ቀን ደግሞ የደከመ እግር እንደገና መነሳት መቻሉን ያሳያል።

በመንገድ ላይ ደግሞ ሳይርባቸው ይበላሉ፤ ሳይጠማቸው ይጠጣሉ። ዳገት ላይ መተንፈስ ሲያቅታቸው ይቆማሉ፤ ሲያስፈልግም ወርደው ይገፋሉ። ብስክሌት መግፋት በዚህ ጉዞ ሽንፈት ተብሎ አይቆጠርም። በ6 በመቶ ዳገት ላይ በሚገፋና በትንሹ ማርሽ በሚነዳ ሰው መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው፤ ማታ ላይ ሁለቱም ድንኳናቸውን የሚተክሉት አንድ ቦታ ነው።

በስምንት ቀናት ውስጥ ራስ ዳሽንን የሚያህል ከፍታ መውጣት ማለት በቀን 600 ሜትር ገደማ መውጣት ማለት ነው። በስድስት ቀናት ለመጨረስ የሚፈልግ ግን በየቀኑ ከ800 ሜትር በላይ ይጠብቀዋል። ዳገቱ ያው ነው፤ የሚለያየው የተመደበለት ጊዜ ነው። ለጉዞው ሁለት ተጨማሪ ቀናት መያዝ ከማንኛውም ውድ ብስክሌት የሚበልጥ ዝግጅት ተደርጎ የሚቆጠረውም በዚህ ምክንያት ነው።